ያልተቃጠለው ነዶ

ቬርቢ፣ ሳስካችዋን፣ ካናዳ
ጁን 2 ቀን 1993

ይድረስ ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ያቭዶካ፣ የህናት ልጅ።

ባርኔጣዬን አውልቄ ከባሕር ማዶ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። እግዜር ጣሪያዎን ከበረዶ፣ ላምዎን ከተኩላ፣ ጉልበትዎን ከቁርጥማት ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ምክንያቱን አሁን ያዩታል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ፓናስ የቲሞፊ ልጅ ነኝ። የእርስዎ አያትና የእኔ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አባትዎ ህናት በ1929 ወደዚህ አገር ሲመጣ ያረፈው አባቴ ቤት ነው። «የጻፍኩት» ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ፤ አላስጻፍኩም። በስልሳ ሰባት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ! ማክሰኞና ሐሙስ ማታ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ከሚማሩት ሁሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። አራት ነበርን፤ አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ አንዷ ተኝታ ነው የምትማረው፣ ሌላው ፋሲካ ሳይደርስ ሞተ። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

አሁን ሥራዬ ሙዚየም ነው። ደመወዝ እንዳይመስልዎ፤ አምስት ሽማግሌዎች በነጻ ነው የምናገለግለው። ይህን ምድር መጀመሪያ ያቀኑት ሰዎች የተዉትን ሁሉ፣ ማረሻውን፣ የቅቤ መናጫውን፣ የጥርስ መንቀያውን ሳይቀር ሰብስበናል። አባቴ በእንጨትና በጭቃ የሠራት ቤትም ከእርሻችን ላይ እንዳለች ተጎትታ መጥታ እዚሁ ግቢ ቆማለች። ሊቀመንበራችን ቴክላ ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች የፖስታ ቤት ሹም ናት። ያየችው ነገር ላይ ሁሉ ቁጥር ትለጥፋለች። እኔ አንድ ቦታ ብዙ አልቆምም።

እንግዲህ ፊደሉን እንደያዝኩ በመስታወት ውስጥ ያለውን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ቁጥር 87 ላይ አሥራ አንድ ደብዳቤ አለ፤ ሁሉም ለህናት የተላኩ፣ ሁሉም ያልተከፈቱ። ቴክላ «የሰው ደብዳቤ አይከፈትም፤ ባለቤቱ ባይኖርም» ብላ እንደታሸጉ ነው ያኖረቻቸው። ጀርባቸው ላይ የእናትዎን ስምና የመንደርዎን አድራሻ አነበብኩ፤ አንድም ፊደል አልሳትኩም። ህናት ስለ ትንሿ ልጁ ስለ ያቭዶካ ሲያወራ አስታውሳለሁና፣ ምናልባት በሕይወት ካሉ ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ነገር ልንገርዎና ይሳቁ። የዚያች ቤት የበር እጀታ፣ የውጭው፣ ይበርዳል። ትንኝ ሰው በሚበላበት በጁን ጠዋት መዳፌ ይጣበቅበታል። ቴክላ «ብረት አይደል እንዴ» ትላለች። አካፋውም ብረት ነው፤ እሱ ግን አይበርድም።

በገዛ እጁ የጻፈው፣
ፓናስ


ሎዚቭካ መንደር፣ ዩክሬን
ጁላይ 5 ቀን 1993

ለወንድሜ ለፓናስ፤ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ዘግይቶ የተማረ እጅህ እንዳይደክም እመርቃለሁ።

ፖስተኛው አጥር ላይ ቆሞ «ያቭዶካ፣ ካናዳ ጠራሽ!» ብሎ መንደሩን አናወጠው። ከዚያ ወዲህ የማታከብረኝ ዶሮዬ ብቻ ናት። «እርስዎ» አትበለኝ፤ በአያት ወንድማማችነት እንገናኛለን፣ በዕድሜም እኩያ ነን። የኅብረት እርሻውን ላሞች ሳልብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባሌ ሞቷል፤ ልጆቼ ከተማ ናቸው። ቤቱ የእናቴ ቤት ነው፤ ጠረጴዛውም ያው ጠረጴዛ ነው።

እነዚያን ደብዳቤዎች የጻፍናቸው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ትናገራለች፣ የጎረቤት ልጅ ይጽፋል። የመጨረሻውን ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አልተከፈቱም የምትለው ጋ ስደርስ ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ሁለት ነገር ልለምንህ። አንደኛው መነጽር ነው። እዚህ የሚገኘው የሞተ ሰው መነጽር ብቻ ሆኗል፤ በሰው ዓይን ማየት ደግሞ አልወድም። ሁለተኛው ይኸውልህ፦ አባቴ የት ነው?

በቤተ ክርስቲያን ሁለት ወረቀት እንሰጣለን፤ አንዱ የሕያዋን ስም፣ አንዱ የሙታን። የአባቴን ስም በየትኛው እንደምጽፍ አላውቅም። ስልሳ ዓመት በሁለቱም ላይ የለም። እናቴም ሚስት አልነበረች፣ መበለትም አልነበረች፤ እንዲሁ ሞተች። በየገናው ዋዜማ ማንኪያውን አጥባ በቦታው ታኖርለት ነበር። ካለ ልጸልይለት፤ ከሞተ ቄስ ይፍታው። አንተ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ነበርክ። ንገረኝ።

እህትህ ያቭዶካ


ቬርቢ
ኦገስት 15 ቀን 1993

ለእህቴ ለያቭዶካ፤ ዶሮሽ ሳይቀር እንድታከብርሽ እየጸለይኩ፣ ሰላምታዬ ከዚህ መነጽር ጋር ይድረስሽ። መነጽሩን ሳስመርጥ ሻጯ «ለማን ነው?» አለችኝ፤ «አውሮፓ ውስጥ ላለች ዘመዴ» አልኳት። ከወንበሯ ተነሣች።

የአውድማ ቀን የሚባል በዓል አድርገን ነበር። አሮጌውን የእንፋሎት መውቂያ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሰው ሞክሮ አልቻለም፤ እኔ አንዴ በእርግጫ ስለው ተነሣ። ቴክላ «ቁጥር 9ን ረገጥከው!» ብላ ስትጮህ፣ «ረግጬ ካስነሣሁት አንቺንም ልሞክር?» አልኳት። አላናገረችኝም፤ እስከ ምሳ።

የአባቴን ቤት እኔ ነኝ የምጠብቀው። ውስጡን የገና ዋዜማ አስመስለን ነው ያዘጋጀነው። ጠረጴዛው፣ ከጨርቁ ሥር ድርቆሽ፣ ሳህኖቹ፣ የሌለው ሰው ሳህንም በቦታው። በዚያ ምሽት የመጣች የሙታን ነፍስ እንዳንጨፈልቅ እፍ ብለን የምንቀመጥበት አግዳሚም አለ። ቤቱ ሁሉ አቧራ ሲጠጣ ከበሩ በኩል ያለው የአግዳሚው ጫፍ አቧራ አይዝም። አልጠርገውም፤ አቧራ አይዝም።

አባትሽን በተመለከተ፦ ረጅም ነበር። ሲዘፍን ፈረሱ ይቆም ነበር። ብርቱ ሠራተኛ ነበር። በ1932 ወጣ።

ጥግ ላይ የቆመው የስንዴ ነዶ እሱ ያሰረው ነው፤ ያው የገና ነዶ። ቁጥር 114 ነው። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ አይጥ አልነካውም፣ ፍሬውም አልረገፈም። ሙዚየሙን ሊያዩ የመጡ አንድ ፕሮፌሰር እንኳ ገርሟቸው ፎቶ አነሡት። ፎቶው ግን ጥጉን ነጭ አድርጎ አወጣው።

እጀታው አሁንም እንደዚያው ነው። ትናንት አመዳይ ይዞ አገኘሁት፤ አራት ጣት ያህል ቦታ ብቻ ንጹሕ ነው።

ታላቁ ጸሐፊ ፓናስ


ሎዚቭካ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1993

ለወንድሜ ለፓናስ፤ ሰላም ለቤትህ። መነጽሩ ልክ ሆኖልኛል፤ እግዜር ይስጥህ። አሁን ደብዳቤህን በደንብ አየሁት።

ስለ መውቂያው ስምንት መስመር ጽፈሃል፤ ስለ አባቴ አራት። ከአራቱ አንዱ «ወጣ» ይላል። የት ወጣ? ሰው ከቤት ነው የሚወጣው፣ ከአገር ነው የሚወጣው፣ ወይስ ከነፍሱ?

ደግሞስ ያ ነዶ ምን ይሠራል እዚያ? እኛ መንደር ሰካራሙ ሚኮላ እንኳ የአዲስ ዓመት ጠዋት ነዶውን አውጥቶ ያቃጥላል። ሙታኑ በዋዜማው ተጠርተው ነዶው ውስጥ ያድራሉ፤ የሚቃጠለው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ነው። እናንተ እንግዳ ጠርታችሁ ስልሳ ዓመት ሳታሰናብቱ ቁጥር ትለጥፉበታላችሁ? አባትህ ቲሞፊ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ለምን አላቃጠለውም?

ሌላ ምንም አልፈልግም። ይህን ጻፍልኝ።

ያቭዶካ


ሎዚቭካ
ኦክቶበር 25 ቀን 1993

ፓናስ፤ ፖስተኛው ሲያልፍ ራሱን እየነቀነቀ ነው የሚያልፈው። አንደኛ የወጣው ተማሪ ምነው ብዕሩ ደረቀ?

ያቭዶካ


ቬርቢ
ኖቬምበር 8 ቀን 1993

እህቴ ያቭዶካ፤

ሰላምታና ምርቃት እጀምርና እጄ አይሄድልኝም። ይህ ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፎ ዘጠኝ ጊዜ ምድጃ ገብቷል።

የ1932 የገና ዋዜማ ነው፤ ጃንዩዋሪ 6። ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ እግሩን ፈረስ ሰብሮት ተኝቷል፤ ስለዚህ እንደ ዋዜማው ልማድ ውርጭን ለእራት የሚጠራው ህናት ሆነ። በማር የተለወሰውን የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዞ ወጣ። «ውርጭ ሆይ፣ ውርጭ ሆይ፣ ና ከእኛ ጋር ንፍሮ ብላ!» ሲል ሦስት ጊዜ ሰማነው። እኔ ያን ጊዜም ቀልደኛ ነበርኩ። ቀስ ብዬ ሄጄ የበሩን መወርወሪያ ጣልኩት።

«ፓናስ፣ ክፈት እንጂ! ጆሮዬ ሊረግፍ ነው» አለ። እየሳቀ ነው።

እኔም ለውርጭ የሚባለውን መለስኩለት፦ «ስንጠራህ ካልመጣህ፣ ሳንጠራህ አትምጣ!»

ሁሉም ሳቁ። አባቴ እግሩን ይዞ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ህናትም ከውጭ ሳቀ። «ቆይ፣ በጓሮ ዞሬ በመስኮት ገብቼ ጆሮህን ባልይዝ!» አለ። በረዶው ከእግሩ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። ከዚያ ነፋሱ መጣ። የዚህን ሜዳ ነፋስ አታውቂውም፤ የዘረጋሽውን እጅሽን አያሳይሽም። እናቴ ሮጣ መወርወሪያውን ስታነሣ ደጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ነጭ ግድግዳ ብቻ። እስኪነጋ ድስት መታች፣ ስሙን ጠራች።

ሦስት ቀን ፈለጉት። በረዶው ሲቀልጥ ሳህኑ ብቻ ተገኘ፤ ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ፣ ሸምበቆው መሀል፣ ንፍሮው ሳይደፋ። ሳህኑ ቁጥር 112 ነው። ህናትን ረግረጉ ይዞት ይሁን ምን ይሁን፣ ምድር አልመለሰችውም።

አባቴ ነዶውን አላቃጥልም አለ። «ህናት ሳይገባ በዓሉ አላለቀም» አለ። የእናትሽ ደብዳቤ ሲመጣ ሳይከፍት ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። «ሞተ ብዬ አልጽፍም፣ አለ ብዬም አልዋሽም» እያለ ሞተ። መወርወሪያውን ማን እንደጣለው ግን እስኪሞት ለማንም አልተናገረም። ለእኔም።

ፊደል የማያውቅን ሰው ደብዳቤ ጻፍ የሚለው የለም። ስልሳ ዓመት እዚያ ውስጥ ተደብቄ ኖርኩ። ባለፈው መጸው ቴክላ ቤቱን ስታስጠርገኝ እጀታውን ያዝኩት። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይከፍትልኝ ነበር፤ ራሴ ከውጭ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው። በማግሥቱ ማክሰኞ ነበር፤ ምድር ቤት ወርጄ «ተማሪ እሆናለሁ» አልኩ።

የሚይዘው ሰው አለ፣ ያቭዶካ። ይይዛል፣ አይገባም። አትምጣ ያልኩት እኔ ነኝ።

ፓናስ


ሎዚቭካ
ኖቬምበር 30 ቀን 1993

ለአቶ ፓናስ የቲሞፊ ልጅ።

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የማደርገውን እስካውቅ ሦስት ቀን ላሜን ጎረቤት ነው ያለበልኝ።

ከዚህ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ማንኪያ ልኬልዎታለሁ። የአባቴ ነው። እናቴ በየዓመቱ ያጠበችው ይህን ነው። ቁጥር እንዳይለጠፍበት።

ልለምንዎት አይደለም፤ ላዝዎት ነው። በዋዜማው ያቺን ቤት ምድጃዋን ያንድዱ። የእውነት ንፍሮ ይቀቀል። ማንኪያውን በእሱ ሳህን ላይ ያድርጉ። አግዳሚውን እፍ ይበሉ። ወጥተው ውርጭን አይጥሩ፤ ህናትን ይጥሩ፣ በስሙ፣ ሦስት ጊዜ። መወርወሪያውን አይንኩ።

ከዚያ አሥራ አንዱን ደብዳቤ ከፍተው ጮክ ብለው ያንብቡለት። ማንበብ ተምሬያለሁ ብለዋል።

የአዲስ ዓመት ጠዋት ነዶውን ያቃጥሉ። የሆነውን ይጻፉልኝ፤ ያልሆነውን አይጨምሩ።

ያቭዶካ


ቬርቢ
ጃንዩዋሪ 15 ቀን 1994

ለእህቴ ለያቭዶካ፤ «አንቺ» ለማለት ፈቃድ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም፤ ካልኩ ግን ይቅር በዪኝ። ያዘዝሽውን ፈጽሜአለሁ። ያልሆነውን አልጨምርም።

ማንኪያው ከዋዜማው ሁለት ቀን በፊት ደረሰ። ሁሉንም ለቴክላ ነገርኳት፤ የመወርወሪያውንም። ለሌላ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ሰምታ ጨረሰችና «ነዶ 114 በመዝገብ የገባ ንብረት ነው፤ ሙዚየም ያለውን አያቃጥልም» አለች። ሄደች። በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ግን መዝገቧን በብብቷ ይዛ መጣች። «መቃወሜን ልመዘግብ ነው» አለች። ማንኪያውን አየችው። ከኪሷ የቁጥር ወረቀት አወጣች፤ አገላብጣ አየችውና ምድጃው ውስጥ ጣለችው።

ብርዱ ከሠላሳ በታች ነበር፤ ነፋስ የሚባል ግን የለም። ጭሱ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትወጣ ደጅ ቆሜ «ህናት! ህናት! ህናት! ና ከእኛ ጋር ንፍሮ ብላ!» አልኩ። ግቢው ባዶ ነበር። ገባሁ፤ በሩን ገጠም አደረግሁት፤ መወርወሪያውን አልነካሁም። ቴክላ ጎንበስ ብላ አግዳሚውን እፍ አለችው። ሳላዛት ነው። «እናቴ እስክትሞት እፍ ትለው ነበር፤ አንተን ምን አገባህ» አለችኝ።

ደብዳቤዎቹን አነበብኩ። እንደ አንደኛ ተማሪ አላነበብኩም፤ እንደ መጨረሻው ነው ያነበብኩት፣ እየተንተባተብኩ። ላሚቱ መውለዷን፣ ጣሪያው ማፍሰሱን፣ «ምነው ዝም አልክ» የሚለውን ስምንት ጊዜ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ቴክላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አሥራ አንደኛው በአንቺ እጅ ነው። ፊደሎቹ የእኔን ይመስላሉ። «አባዬ፣ ስትመጣ እናቴ ብትተኛ እኔ አልተኛም። አንኳኳ፣ እኔ እከፍትልሃለሁ» ይላል።

ያን ጊዜ ተንኳኳ። ቴክላ ሰምታለች፤ መዝገቡ ላይ ጽፋዋለች። ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ፣ ጨዋ ሰው እንደሚያንኳኳው። እኔ አንቺ አይደለሁም፤ ቢሆንም ተነሣሁ። እግሬ የስድስት ዓመት ልጅ እግር ሆነ። እጀታውን ከውስጥ ያዝኩና ወለል አድርጌ ከፈትኩት። «ግባ» አልኩ፤ «ጆሮዬን ያዝ»።

ሰው አላየሁም። ብርዱ እንደ ውሃ ወለሉን ይዞ ገባ፤ የኩራዙ ነበልባል ግን አልተንቀሳቀሰም። ከበሩ በኩል ያለው የአግዳሚው ጫፍ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚጮኸው። በላን። ቀኝ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ይቀዘቅዛል።

እንደ ልማዳችን ማንኪያዎቹን ሳህኑ ላይ አስደግፈን ተውናቸውና ወጣን። ጠዋት ስንገባ የህናት ማንኪያ ተልሶ እንደተወለወለ ነበር። የቴክላ ቀጥ ብሏል፤ ሁላችንንም ትቀብራለች ብዬሻለሁ። የእኔ ማንኪያ ተገልብጧል። ማንኪያው የተገለበጠ ሰው ዓመቱን አይዘልቅም የሚባለውን አንቺም ታውቂያለሽ። ቴክላ ፈጥና ልታቀናው እጇን ስትሰድ «ቁጥር የሌለው ዕቃ አይነካም» አልኳት። እሷ እንኳ ሳቀች።

ትናንት፣ በአሮጌው አቆጣጠር አዲስ ዓመት፣ ነዶውን ግቢው መሀል አቃጠልነው። ያቭዶካ፣ ስልሳ ሁለት ዓመት የደረቀ ነዶ ነው፤ ሳነሣው ከባድ ነበር። እሳቱ ሲነካው እንደ እርጥብ ሣር ፉጨት አሰማ፤ ውሃ ከሥሩ ተንጠባጠበ፤ የቀለጠ በረዶ ይመስል ብዙ ውሃ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ቦግ ብሎ አለቀ። ቴክላ መዝገቡን ከፍታ በ114 ትይዩ «ተሰናበተ» ብላ ጻፈች።

እጀታው ዛሬ እንደ አካፋው ነው።

በቄሱ ወረቀት ላይ ቦታ ካለ ለእኔም ከሙታኑ በኩል ትንሽ መስመር አስቀሪልኝ። ስሜ አጭር ነው፤ ብዙ አያጨናንቅም።

ፓናስ


ሎዚቭካ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1994

ለወንድሜ ለፓናስ፤ እግዜር ጆሮህን ያሙቅልህ።

አንተ እልሃለሁ። ሦስት ጊዜ «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እሑድ ዕለት ፍትሐት አስደረግሁ። እንጀራ አባት ያላመጣችብኝ የእናቴ ስምና የአባቴ ስም ጎን ለጎን ተነበበ። አንተ ባነበብክበት ምሽት እኔም እዚህ ለብቻዬ ተቀምጬ ነበር። እናቴ በሕይወት ዘመኗ ሁሉ ማንኪያ ታስቀምጥበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ሰው ከጠረጴዛ ሲነሣ የሚሰማውን ያህል ብቻ ወለሉ ጮኸ። ይኸው ነው፤ እኔም ያልሆነውን አልጨምርም።

በማንኪያ አላምንም። የእኔ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ያውቃል፤ ድመት ነበረች። እናንተ ቤት ድመት አለ? ካለ ጻፍልኝ። ከሌለም ግዛና ጻፍልኝ። በየወሩ ጻፍ፤ ስለ መውቂያው ስምንት መስመር ይሁን፣ አልቆጣም። ፖስተኛው ራሱን ሲነቀንቅ ማየት አልችልም።

ሁለቱን ወረቀት ለቄሱ ሰጠሁ። አባቴን በሙታን ጻፍኩ። አንተን በሕያዋን፣ ከልጆቼም በላይ፣ ቄሱ እንዳይሳሳቱ በትልልቁ ጻፍኩ። አባ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ፓናስ ደግሞ ማነው?» አሉኝ።

«በሩን የከፈተው ነው» አልኳቸው።

እህትህ ያቭዶካ